ሬድ ሮክስ፦ ከቀይ ገደሎች መሃል ያለው የሮክ መድረክ

እ.ኤ.አ. በ1983 የተቀረጸውን የዩቱ ባንድን «ሰንደይ ብለዲ ሰንደይ» በፊልም ያየ የሮክ ወዳጅ፣ ድምፃዊው ቦኖ በካፊያው ውስጥ ነጭ ባንዲራ ይዞ ሲመላለስና በላዩ ገደሉ በችቦ ብርሃን ሲቀላ ያየውን አይረሳም። ቦታው ሬድ ሮክስ ይባላል። ከአሜሪካዋ ዴንቨር በስተ ምዕራብ፣ ሞሪሰን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የሚገኝ ጣራ የሌለው ቲያትር ሲሆን ባለቤቱ የዴንቨር ከተማ ነው።

በግራና በቀኝ የቆሙት ሁለቱ የአሸዋ ድንጋይ ገደሎች ወደ 90 ሜትር ይደርሳሉ። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጥንት ተራሮች ታጥቦ የወረደ አሸዋና ጠጠር ጠጥሮ የተፈጠሩ ናቸው፤ የዛሬዎቹ የሮኪ ተራሮች ሲነሱ ደግሞ አብረው ዘመሙ። ድምፁን ሰብስበው ለተመልካቹ የሚያደርሱት እነዚህ ገደሎች ናቸው። የዴንቨር የመናፈሻዎች ኃላፊ የነበረው ጆርጅ ክራንመር በሲሲሊ ያየውን ጥንታዊ ቲያትር እዚህ ለመድገም ተመኘ፤ በመሃል የነበሩትን ትልልቅ ቋጥኞችም በድማሚት አስፈረሰ። አርክቴክቱ በርናም ሆይት ግን ገደሎቹን ሳይነካ መቀመጫዎቹን ብቻ በተዳፋቱ ላይ ደረደረ። ትልቁ ጥበቡ ይህ መታቀቡ ነው። በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን መንግሥት የቀጠራቸው ወጣቶች የገነቡት ይህ ቲያትር በሰኔ 1941 ተከፈተ። ከ9,500 የሚበልጥ ሰው ያስተናግዳል፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ስለሆነም የላይኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ከመድረኩ ባሻገር የዴንቨርን ሜዳ ያያል።

ቢትልስ በነሐሴ 1964 ሲመጡ 7,000 ያህል ሰው ብቻ ተገኘ፤ በዚያ ዓመት የአሜሪካ ጉዟቸው ትኬቱ ተሸጦ ያላለቀ ብቸኛው ኮንሰርት ነበር። ከፍታው እንዳያስቸግራቸው ኦክስጅን ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ሬድ ሮክስ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,960 ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ግን ይህ ካደገበት ከተማ ያነሰ ነው።

በሰኔ 1971 ጄትሮ ታል የተባለው የሮክ ባንድ ሲጫወት ትኬት ያላገኙ ብዙ ወጣቶች ለመግባት ሞከሩ። ፖሊስ የተኮሰው አስለቃሽ ጭስ በነፋስ ተገፍቶ ተመልካቹም መድረኩም ላይ ደረሰ። ከተማዋም ሮክን ከዚያ አገደች። የኮንሰርት አዘጋጁ ቤሪ ፌይ ከስሶ እስኪረታ፣ እስከ 1975 ድረስ፣ መድረኩ ለለስላሳ ሙዚቃ ብቻ ተተወ።

ዩቱ በተጫወቱበት ዕለት፣ ሰኔ 5 ቀን 1983፣ ደግሞ ዝናብና ጉም ሆነ። ኮንሰርቱ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ዩቱ ግን ለፊልሙ የራሳቸውን ገንዘብ አውጥተዋልና እምቢ አሉ። የመጣው ሰው ከመቀመጫው ግማሽ አይሞላም ነበር። ሰማዩ ጠርቶ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ይህን ያህል ዕድሜ አያገኝም ነበር፤ እርጥቡ ድንጋይ፣ ጉሙና ችቦው ስለ ሰሜን አየርላንድ ደም መፋሰስ ለተዘፈነው ዘፈን የሚገባውን ክብደት ሰጡት። ብዙ አድማጭ የማያውቀው ነገር አለ፦ በዚያው ዓመት «አንደር ኤ ብለድ ሬድ ስካይ» በሚል ርእስ በወጣው አልበም ውስጥ ከሬድ ሮክስ የተወሰዱት ሁለት ዘፈኖች ብቻ ናቸው። በአልበሙ ላይ የሚሰማው «ሰንደይ ብለዲ ሰንደይ» የተቀዳው ጀርመን አገር ነው፤ የዴንቨሩን ለመስማት ፊልሙን ማየት ያስፈልጋል።

ቦታው በ2015 የአገሪቱ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ኮንሰርት በሌለበት ሰዓት በነፃ ስለሚከፈት ጠዋት ጠዋት ደረጃውን እየሮጡ የሚወጡ ሰዎች አይጠፉበትም።