ሁለቱ እጆች ለማሲንቆ፣ ማይኩ ለጉንጭ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ የጣርማበርን ዋሻ ያለፈ መንገደኛ ደብረ ሲናን ብዙ ጊዜ የሚያገኛት ጉም ለብሳ ነው። የቆሎ ሻጮቹ ፊት ሳይታይ ድምፃቸው ይቀድማል። ድንኳን ሙሉ ሠርገኛ ፊት ለሚጫወት ማሲንቆ መቺ ግን ጉሮሮ ብቻውን አይበቃም። ግራ እጁ ጭራው ላይ፣ ቀኙ ደጋኑ ላይ ነው፤ ማይክ የሚይዝበት ሦስተኛ እጅ ከየት ያምጣ?

እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ኬት ቡሽም በ1979 እ.ኤ.አ. እየጨፈረች መዝፈን ስለፈለገች ጭንቅላቷ ላይ የሚቀመጥ ማይክ በልብስ መስቀያ ሽቦ ተሠራላት።

ዛሬ ጣጣው የጭንቅላት ማይኩ ምርጫ ነው። ለመምህር ወይም ለሰባኪ ከየአቅጣጫው ድምፅ የሚቀበለው ይመቻል፤ ትንሽ ቢንሸራተትም ድምፁ ብዙ አይለዋወጥም። ድምፅ ማጉያ አጠገብ ለሚቆም ዘፋኝ ግን በአንድ ወገን የሚሰማው ይሻላል፤ አለዚያ ማይኩ የማጉያውን ድምፅ መልሶ እየዋጠ ያፏጫል። ጫፉ ከከንፈር ጥግ ሁለት ጣት ያህል ርቆ፣ ከትንፋሽ መንገድ ገለል ይበል። አፍ ፊት ከተደቀነ «ጴጥሮስ» ባሉ ቁጥር ጥይት የተተኮሰ ይመስላል።

እስክስታ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ትከሻ ሲንቀጠቀጥ በአንድ ጆሮ የተንጠለጠለው ይወልቃል፤ በሁለቱም ጆሮ የሚያዘው ይጸናል። ነጠላው ማይኩን ከነካው ኮሽታው ድንኳኑን ይሞላዋል። ለነፋሱና ለጉሙ ስፖንጅ ማልበስ፣ መለወጫም መያዝ ነው። ወገብ ላይ የሚታሰረው ማሰራጫ አንቴናው ገላ ላይ አይለጠፍ፤ ሰውነት ሞገዱን ያደክመዋል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት ርካሾች ከዋይፋይ ጋር ይሻማሉ።

ባትሪ ድንጋዩ? ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት በአዲስ ይተካል።