የንብ ንድፊያና የሕፃናት ሕይወት

ንብ ማነብ ለገበሬው የማርና የሰም ሀብት የሚያስገኝ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ቀፎው ለቤት ሲቀርብ ሕፃናት ይነደፋሉ። የተነደፈው ስፍራ ብቻ ቢያብጥ፥ መንደፊያውን ወዲያው አውጥቶ በቀዝቃዛ ውኃ ማብረድ ይበቃል። ነገር ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ገላው ሁሉ ሽፍ ቢል፥ ከንፈሩና ምላሱ ቢያብጥ፥ ትንፋሽ ቢያጥረው ወይም ራሱን ቢስት፥ አለርጂ የሚባለው ብርቱ የሰውነት መቆጣት ስለ ሆነ «ያልፍለታል» ብሎ መቆየት ሕይወቱን ያሳጣዋል። ዋናው መድኃኒት በጭን የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ስለዚህ ሕፃኑን ሳያስነሡ አጋድሞ፥ መተንፈስ ቢቸግረው ግን ደግፎ አስቀምጦ፥ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት በፍጥነት ማድረስ ይገባል። ከዳነም በኋላ ዳግመኛ ቢነደፍ ያው አደጋ ሊደርስበት ስለሚችል፥ ወላጆች ቀፎውን ከደጃፍ ያርቁ።