በሩን ሳይቆልፍ የተወው ማን ነው? ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እንደ ሕሊና ፈተና

ቻርሊ ጎርደን አንድ ምሽት ምግብ ቤት ተቀምጧል። ሳህን አጣቢው ልጅ የተሸከመው ሳህን ሁሉ ከእጁ ያመልጠውና ወለሉ ላይ ይንኮታኮታል። ተመጋቢው በሳቅ ይፈነዳል። ልጁ የተሳቀው በእሱ መሆኑን አልተረዳም፤ ግራ እንደተጋባ ከሰዎቹ ጋር ፈገግ ይላል። ቻርሊም አብሮ ይስቃል። ወዲያው ግን አንድ ነገር ይከነክነዋል፤ ከጥቂት ወራት በፊት ይህ ልጅ እሱ ራሱ ነበር። ብድግ ብሎ በሚስቁት ላይ ይጮህባቸዋል።

ትዕይንቱ የሚገኘው አሜሪካዊው ዳንኤል ኪይስ በ1959 በአጭሩ፣ በ1966 ደግሞ በረጅሙ ባሳተመው «አበባ ለአልጄርኖን» በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቻርሊ ዳቦ ቤት የሚሠራ የ32 ዓመት ሰው ነው። የአእምሮ ብቃት መለኪያው 68 ነው፤ ማንበብና መጻፍ ለመቻል የሚያደርገው ጥረት ግን ከብዙዎቻችን ይበልጣል። ተመራማሪዎች አልጄርኖን በተባለ አይጥ ላይ የተሳካላቸውን ቀዶ ሕክምና እሱ ላይ ይሞክራሉ። በወራት ውስጥ መለኪያው 185 ይደርሳል። ከዚያ አይጡ መድከም ይጀምራል፤ በቻርሊም ላይ ምን እንደሚመጣ ያወቀውና በስሌት ያረጋገጠው ያ በቀዶ ሕክምናው ያገኘው አእምሮ ራሱ ነው።

ስለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «የተናገረው ደረሰ ወይ?» ብሎ ነው። በዚህ መመዘኛ ከሄድን የኪይስ መጽሐፍ ዋጋ የለውም፤ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ዛሬም የለም። እኔ ግን መጽሐፉን የማነሣው ስለ ሰው ልቡና ከብዙ የመማሪያ መጻሕፍት የበለጠ ስላሳየኝ ነው። ደራሲው ከዓለም ላይ አንዲት ነገር ብቻ ይለውጣል። ዳቦ ቤቱን፣ ጓደኞቹን፣ የእናትን እፍረት እንዳሉ ይተዋቸዋል። ያች አንዲት ለውጥ በሌላው ሁሉ ላይ የምታደርሰውን ደግሞ በትዕግሥት ይከታተላል።

ለምሳሌ ትዝታን እንውሰድ። ጓደኞቹ አንድ ጊዜ ቻርሊን ዝናብ መዝነቡን እንዲያይ ልከውት ሲመለስ ጥለውት ሄደው ነበር። እሱ በዚያን ጊዜ ጨዋታ መስሎታል። አእምሮው ሲሰላ ትዝታው እዚያው አለ፣ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል፤ ወዳጆች ናቸው ያላቸው ሰዎች መሣቂያ አድርገውት ኖረዋል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ትዝታ እንደ ፎቶግራፍ ተቀምጦ አይቆየንም፤ ባስታወስነው ቁጥር አሁን ባለን ዕውቀት መልሰን እንሠራዋለን። ይህን በጥናት ማንበብ አንድ ነገር ነው። የደስታ ዘመኑን ትዝታ አንድ በአንድ የሚነጠቅ ሰው ማየት ግን ሌላ ነው። ዳቦ ቤት ያሉት ባልደረቦቹ ደግሞ የተማረውን ቻርሊ ሊታገሡት አልቻሉም፤ ይባረርልን ብለው ፈርመው አቀረቡ። ያልፈረመችው አንዲት አሮጊት፣ ፋኒ፣ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን የአዳምንና የሔዋንን የዕውቀት ዛፍ እያነሣች ትፈራለታለች።

ኪይስ ይህን ከሜዳ አላመጣውም። በኒው ዮርክ እንግሊዝኛ ያስተምር በነበረበት ጊዜ፣ በትምህርት ወደ ኋላ ለቀሩ ተማሪዎች ከተለየው ክፍል አንድ ልጅ ቀርቦ፣ በርትቼ ጎበዝ ከሆንኩ ወደ መደበኛው ክፍል ታዛውረኛለህ ወይ ብሎ ጠይቆት ነበር። አጭሩን ልብ ወለድ በመጀመሪያ ያየው የመጽሔት አዘጋጅ መጨረሻው ወደ ደስታ እንዲለወጥ ፈልጎ ነበር። ኪይስ እምቢ ብሎ ወደ ሌላ መጽሔት ወሰደው። ደግ አደረገ፤ ቻርሊ እንደ ሊቅ ቢቀር ኖሮ «በመጀመሪያስ ይህን በሰው ላይ ማድረግ ተገቢ ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከእኛ ጋር አይቆይም ነበር።

ጥያቄው ከባድ ነው። በናዚ ሐኪሞች ላይ በተሰጠው ፍርድ ውስጥ በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ደንብ የመጀመሪያው አንቀጹ፣ በሰው ላይ ሙከራ ለማድረግ የተሞካሪው የገዛ ፈቃድ የግድ ነው ይላል። ቻርሊ እሺ ብሏል፣ እንዲያውም ለምኗል። ነገር ግን የሚመጣበትን ሳይረዳ የሰጠው እሺታ ምን ያህል እሺታ ነው? ለቤተሰቡ የፈረመችው እህቱ ናት፤ እሷስ ማንን ወክላ ፈረመች? ፈላስፋዋ ኤል. ኤ. ፖል በ2014 ባሳተመችው መጽሐፍ ጉዳዩን ከዚህም ታሰፋዋለች። አንዳንድ ውሳኔ የሚወስነውን ሰው ራሱን ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ከውሳኔው በፊት ያለው ሰው ከውሳኔው በኋላ ለሚመጣው ሰው የሚሻለውን አስቀድሞ ማወቅ አይችልም። ልጅ መውለድ እንዲህ ነው። አገር ለቅቆ መሰደድም፣ እኔ እንደማስበው፣ እንዲሁ ነው።

አሁን ወደማልወደው ታሪክ ልሻገር፤ አንባቢ ሊያነበው ግን የግድ ነው እላለሁ። ቶም ጎድዊን በ1954 ባሳተመው «ቀዝቃዛዎቹ ስሌቶች» ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የጠፈር መንኮራኩር በሩቅ ፕላኔት በትኩሳት ለተያዙ ስድስት ሰዎች መድኃኒት ይዛ ትጓዛለች። ነዳጁ የተሰፈረው ለአብራሪውና ለጭነቱ ብቻ ነው። አብራሪው ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ተደብቃ የመጣች የ18 ዓመት ልጅ ያገኛል፤ ወንድሟን ለማየት ጓጉታ የገባች ናት፣ የሚጠብቃት ቅጣት ገንዘብ መስሏታል። ክብደቷ ከቆየ መንኮራኩሯ ትከሰከሳለች፣ ስድስቱም ይሞታሉ። ስለዚህ ወደ ባዶው ጠፈር መጣል አለባት። ደግ ሰው ነው አብራሪው፤ ወንድሟን በሬዲዮ እንድትሰናበት ጊዜ ይሰጣታል። ከዚያም ትጣላለች።

በመጀመሪያው ንባብ ሰው እንባ ይተናነቀዋል። ሒሳብ አይለመንም፣ ተፈጥሮ አታዝንም የሚለው መልእክት እውነት አለው፤ ድርቅን ወይም ወረርሽኝን የሚያውቅ ሰው ይህን አይክድም። ስለ ጽሑፉ አወጣጥ የሚነገረው ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ታሪኩን ያወጣው መጽሔት አዘጋጅ ጆን ካምቤል ጽሑፉን ለጎድዊን ደጋግሞ እንደመለሰለት ይወራል፤ ደራሲው ልጅቱን የሚያድንበት ብልሃት በየጊዜው እያገኘ ስላስቸገረው። ስለዚህ ያ የማይለመን ሒሳብ በሰው እጅ ተስተካክሎ የቀረበ ነው።

ሁለተኛው ንባብ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በመግቢያው ላይ የነበረው «መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ቁልፍ የለም፤ ከመነሣት በፊት ተሳፋሪና ጭነት የሚፈትሽ ሰው የለም፤ ለክፉ ቀን የሚሆን ትርፍ ነዳጅ የለም። ይህን የወሰነው ተፈጥሮ አይደለም፤ ከቢሮው ሆኖ ወጪ የቀነሰ ሰው ነው። ያ ሰው በታሪኩ ውስጥ ስሙ አይነሣም። ደራሲው ኮሪ ዶክቶሮው በ2014 ይህንኑ ትችት በኃይል አቅርቦታል፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። «ምርጫ የለንም» የሚለው ቃል ሲሰማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ምርጫውን እስከዚህ ያጠበበው ማን እንደሆነ ነው። ፈላስፋዋ ፊሊፓ ፉት በ1967 ያነሣችውና በኋላ በክፍል ውስጥ ሁሉ የታወቀው፣ ፍሬን የተበጠሰበት የባቡር ጥያቄም (አምስቱን ለማዳን አንዱን መግደል) በዚሁ ዓይን መታየት ይችላል። ጥያቄው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሕሊናችን በምን በምን እንደሚያመዛዝን ይገልጥልናል። ነገር ግን ሆስፒታል ውስጥ ያለ አንድ የመተንፈሻ መሣሪያ ለማን ይሁን ብሎ ከሚጨነቀው ሐኪም ጎን፣ ለምን አንድ ብቻ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖር አለበት።

ከሥነ ልቦና አንጻር ብዙም የማይወራለትን የአይዛክ አሲሞቭን «ውሸታሙ!» (1941) በአጭሩ ልጥቀስ። ሰውን እንዳይጎዳ የተሠራው ኸርቢ የሚባል ሮቦት የሰው ልብ ያነባል፤ ስለዚህ እውነት የሚያሳዝነውን ሰው ሁሉ መስማት የሚፈልገውን ይነግረዋል። የሮቦቶች ሥነ ልቦና ባለሙያዋን ሱዛን ካልቪንን የምትወደው ሰው እንደሚወዳት ይነግራታል። አይወዳትም። ዛሬ ሌሊት ከቻት ሮቦት ጋር ብሶቱን የሚያወራ ወጣት ይህን ታሪክ ቢያነብ እወዳለሁ፤ ማስደሰትና መርዳት የት ላይ እንደሚለያዩ ከዚህ የጠራ ማሳያ አላገኘሁም።

ኡርሱላ ለጉዊን በ1973 ያሳተመችው «ከኦሜላስ ጥለው የሚሄዱት» ደግሞ ጥያቄውን ወደ ከተማ ሁሉ ያሰፋዋል። ኦሜላስ ደስ የምትል ከተማ ናት። ደስታዋ የሚቆመው ግን አንድ ሕፃን በጨለማ ምድር ቤት በርኃብና በብቸኝነት እንዲማቅቅ በመደረጉ ነው፤ ነዋሪው ሁሉ ይህን ያውቃል። አብዛኛው ያለቅሳል፣ ይለምደዋል፣ ይኖራል። ጥቂቶች ከተማዋን ትተው ይወጣሉ። ሐሳቡን የወሰደችው ከፈላስፋው ዊልያም ጄምስ የ1891 ጽሑፍ መሆኑን ራሷ በርእሱ ሥር አስፍራለች። የስልካችን ባትሪ ኮባልት ከሚወጣበት ኮንጎ፣ ሕፃናት ማዕድን ሲቆፍሩ መታየታቸው ከተመዘገበ ወዲህ ይህን ታሪክ እንደ ተረት ማንበብ አልችልም።

ጥለው የሄዱት ግን ሕፃኑን አላወጡትም። ኤን. ኬ. ጄሚሲን በ2018 መድበሏ ውስጥ «የሚቀሩትና የሚታገሉት» ብላ የመለሰችው ለዚህ ነው። የእሷ ከተማ ኡም ኸላት ማንም ከማንም አያንስም የሚል እምነት ላይ ቆማለች። ከእኛ ዓለም የሾለከውን፣ አንዳንድ ሰው ከሌላው ያንሳል የሚለውን ሐሳብ የተቀበለ አንድ አባት ግን በከተማዋ ጠባቂዎች ይገደላል። ትንሽ ልጁ አይታለች፤ ልቧ በጥላቻ ተሞልቷል። ገዳዮቹ ሊንከባከቧትና ከራሳቸው እንደ አንዷ ሊያሳድጓት ይቀርቧታል። ይህን ታሪክ ሁለተኛ ስታነቡ ከዚህች ልጅ ጀምሩ፤ ለእሷ ከዚህ ሌላ ምን ሊደረግላት ይችል እንደነበር፣ ይህን መንገድስ ማን እንደዘጋባት ጻፉ።