የፀሐይ ነበልባልና የፀሐይ ማዕበል፦ አንዱ በደቂቃ፣ ሌላው በቀናት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 ረፋዱ ላይ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሪቻርድ ካሪንግተን በቴሌስኮፑ አማካይነት ሰሌዳ ላይ ያሳረፈውን የፀሐይን ምስል እያየ ጥቁር ነጠብጣቦቿን ይነድፍ ነበር። ድንገት ከአንዱ የነጠብጣብ ስብስብ ላይ ሁለት ዓይን የሚያጥበረብሩ ነጫጭ ብርሃኖች ቦግ አሉ። አብሮት የሚያይ ሰው ሊጠራ ሮጦ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲመለስ ብርሃኑ ደክሞ አገኘው፤ ብዙም ሳይቆይ ጨርሶ ጠፋ። ከ17 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ግን ምድር ላይ ጉድ ታየ። በዋልታዎች አካባቢ ብቻ የሚታወቀው ኦሮራ የተባለ ባለቀለም የሌሊት ብርሃን እስከ ኩባ ድረስ ወረደ። አሜሪካ ውስጥ በቦስተንና በፖርትላንድ መካከል የሚሠሩ ቴሌግራፈኞች ባትሪያቸውን ነቅለው፣ ሽቦው ውስጥ በራሱ በተፈጠረው ኤሌክትሪክ ብቻ ለሁለት ሰዓት ያህል መልእክት ተለዋወጡ።

ካሪንግተን ያየው የፀሐይ ነበልባል ይባላል። በማግስቱ ምድርን የመታት ደግሞ የኮሮና ቁስ ልቀት ነው፤ ኮሮና የፀሐይ የላይኛው ከባቢ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተከታትለው ስለሚመጡ እንደ አንድ ነገር ይወራል። ፍጥነታቸውም ጉዳታቸውም ግን ለየቅል ነው።

መነሻቸው የፀሐይ ማግኔት ነው። ፀሐይ ጠጣር አካል የላትም፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ፕላዝማ የሚባል እጅግ የጋለ ጋዝ ናት። ወገቧ በ25 ቀን ገደማ አንድ ዙር ሲዞር የዋልታዎቿ አካባቢ ከ30 ቀን በላይ ይፈጅበታል። በዚህ የተነሳ የማግኔት መስመሮቿ እንደ ፈትል ይገመዳሉ፤ ፈትል ደግሞ ሲከር ይበጠሳል። መስመሮቹ ተበጥሰው በአዲስ መልክ ሲቀጣጠሉ የታመቀው ኃይል ይፈነዳል። ፍንዳታው በብዛት የሚከሰተው ጥቁር ነጠብጣቦቹ ባሉበት ነው፤ እነሱም በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ይበዛሉ፣ ይመናመናሉ።

ነበልባሉ ብርሃን ነው፤ ኤክስሬይና አልትራቫዮሌት ጨረርም አለበት። ከፀሐይ ተነስቶ በ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ይደርሳል። የምናየው በደረሰብን ቅጽበት ስለሆነ ፋታ አይሰጥም። ጥንካሬው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኤምና ኤክስ ተብሎ ይመደባል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ከበታቹ 10 እጥፍ ይበልጣል። ከባቢ አየር ጨረሩን ስለሚያስቀረው መሬት ላይ ያለ ሰው አይጎዳም። ነገር ግን አዮኖስፌር የተባለው የላይኛው የአየር ሽፋን ስለሚታወክ፣ ቀን በሆነበት የምድር ክፍል የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይዘጋል። መዘጋቱ የሚብሰውም ፀሐይ አናት ላይ በሆነችበት ቦታ ነው።

የኮሮና ቁስ ልቀት ግን ቁስ ነው። በቢሊዮን ቶን የሚገመት ፕላዝማ የራሱን ማግኔት ተሸክሞ በሴኮንድ ከ250 እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር ይምዘገዘጋል። ፈጣኑ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ፣ ዘገምተኛው በቀናት ውስጥ ይደርሳል። ሲደርስም የምድርን ማግኔታዊ ጋሻ ያናውጣል፤ የፀሐይ ማዕበል የምንለው ይህንኑ ነው። የሚናወጥ ማግኔት ደግሞ በረጃጅም ሽቦዎች ውስጥ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ማርች 13 ቀን 1989 ሌሊት በካናዳ ኩቤክ የሆነው ይኸው ነው። የአካባቢው መሬት ኤሌክትሪክ በቀላሉ የማያሳልፍ ዐለት በመሆኑ፣ የተፈጠረው ኤሌክትሪክ ወደ ማስተላለፊያ መስመሮቹ ገባ። የመከላከያ መሣሪያዎቹ ተራ በተራ ራሳቸውን አጠፉ፤ በ90 ሴኮንድ ገደማ ውስጥ መላው መረብ ወደቀ። 6 ሚሊዮን ሰው በዚያ ብርድ ለ9 ሰዓት ያህል ያለ መብራት ቀረ።

ቀለል ያለ ማዕበልም ጉዳት ያደርሳል። በፌብሩዋሪ 2022 ከመጠቁ 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶች እስከ 40 የሚደርሱት ጠፍተዋል፤ ማዕበሉ ያሞቀው የላይኛው አየር ወደ ላይ ተለጥጦ ጉዟቸውን ስለገታው ነው። በሜይ 2024ቱ ብርቱ ማዕበል ደግሞ በአሜሪካ በጂፒኤስ የሚመሩ የእርሻ ትራክተሮች በዘር ወቅት ቆመዋል።

ኢትዮጵያ ከዋልታዎች መራቋ ከኩቤክ ዓይነቱ አደጋ በእጅጉ ያርቃታል እንጂ ከነገሩ ነጻ አያወጣትም። የምድር ማግኔታዊ ወገብ በሰማይዋ ያልፋል። ቀን ቀን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል፤ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ደግሞ በአዮኖስፌር ውስጥ የሚፈጠሩ አረፋዎች የሳተላይት ምልክትን ያዛባሉ። የፀሐይ ማዕበል ይህን ሁኔታ አንዳንዴ ያብሰዋል፣ አንዳንዴም ይገታዋል። በአዲስ አበባ የማግኔት መለኪያ ጣቢያ የተተከለው ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ከ1957–58 ጋር በተያያዘ ነው። በማግኔታዊ ወገብ አቅራቢያ የተተከለ ጣቢያ በመሆኑ የሚመዘግበው ነገር ለዓለምም ይጠቅማል።

ትንበያው ግን አንድ ትልቅ ክፍተት አለበት። ልቀቱ ከፀሐይ ሲነሳ ካሜራዎች ያዩታል፤ የመድረሻ ሰዓቱም ይገመታል። ጉዳቱን በዋናነት የሚወስነው ግን የተሸከመው ማግኔት አቅጣጫ ነው፦ ወደ ደቡብ ካዘነበለ ከምድር ማግኔት ጋር ተያይዞ ኃይሉን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ወደ ሰሜን ከሆነ ጉዳቱ ይቀላል። ይህ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው የሚጠብቁ ሳተላይቶች ጋ ሲደርስ ነው። ያኔ የሚቀረው ጊዜ ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ የኤሌክትሪክ መረብን ጭነት መቀነስ፣ ለአውሮፕላን አብራሪ ሌላ የመገናኛ መንገድ መስጠት፣ ሳተላይትን ወደ ጥንቃቄ ሁኔታ ማስገባት ይቻላል፤ ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ከተወሰነና ልምምድ ከተደረገበት።