የሕዝብን ገንዘብ የጠበቁ እንደራሴ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። ተረቱ ሹመትን እንደ አዝመራ፥ የሕዝብን ገንዘብም ጠባቂ እንደሌለው ማሳ አድርጎ ያሳያል። ይህን አሳብ በኑሮውና በሥራው የተቃወመ ሰው በማናቸውም አገር ቢገኝ፥ ታሪኩ በቤተ ሰብ መካከል ሊነገር ይገባል ብለን እናምናለን። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የአሜሪካ ገበሬዎች እንደራሴ ሆነው 26 ዓመት በሕግ መምሪያ ምክር ቤት ስለ ተቀመጡት ስለ ሚስተር ሃሮልድ ሮይስ ግሮስ እንናገራለን። የሚመሰገኑበት እንዳለ ሁሉ የሚነቀፉበትም ስላለ፥ ሁለቱንም ሳንሸሽግ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሚስተር ግሮስ በ1899 በአዮዋ፥ አሪስፒ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለዱ። አዮዋ በበቆሎ እርሻና በከብት እርባታ የታወቀች የገበሬ አገር ናት፤ እርሳቸውም የተማሩት በገጠር ትምህርት ቤት ነው። በ1916 በሜክሲኮ ጠረፍ፥ ቀጥሎም በአንደኛው የዓለም ጦርነት በወታደርነት አገለገሉ። ከጦርነቱ ከተመለሱ በኋላ ጋዜጠኛ ሆኑ፤ ከ1929 እስከ 1935 ድረስም የገበሬዎች ማኅበር ጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ። ያ ዘመን የእህል ዋጋ የወደቀበት፥ ብዙ የአዮዋ ገበሬ ዕዳውን መክፈል አቅቶት መሬቱ በሐራጅ የተሸጠበት ጊዜ ነው። ሚስተር ግሮስ ዕዳን እንደ ጠላት ማየታቸው ከዚያ የመጣ ይመስለናል።

ከዚህ በኋላ በዲ ሞይን ከተማ በሚገኘው ደብልዩ ኤች ኦ ራዲዮ ጣቢያ ዜና ተናጋሪ ሆኑ። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሮናልድ ሬገንም በዚያው ጣቢያ የስፖርት ዜና ያሰሙ ነበር። የሚስተር ግሮስ ድምፅ በየገበሬው ቤት ታወቀ። በ1940 ለአገረ ገዥነት ቢወዳደሩም አልቀናቸውም፤ በ1948 ግን በሪፐብሊካን ፓርቲ በኩል ተመርጠው በጥር ወር 1949 ምክር ቤት ገቡ። 13 ጊዜ ተመርጠው እስከ ጥር ወር 1975 ድረስ ከወንበራቸው አልተነሡም።

ሥራቸውን ለመረዳት የምክር ቤቱን ሥርዓት ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ምክር ቤቱ 435 እንደራሴዎች አሉት። ቀላል የሚመስሉ ሕጎች ያለ ክርክር፥ በሁሉ ስምምነት የሚያልፉበት መንገድ አለ፤ ነገር ግን አንድ እንደራሴ ብቻ ተነሥቶ «እቃወማለሁ» ቢል ሕጉ በዚያ መንገድ ማለፉ ይቀራል። ብዙው እንደራሴ ያላነበበውን ሕግ ሲያሳልፍ፥ ሚስተር ግሮስ ግን እያንዳንዱን ረቂቅ አንብበው ይመጡ ነበር። ከስብሰባው አዳራሽ አይለዩም፤ ስንት ያስወጣል፥ ማንስ ይከፍላል ብለው ሳይጠይቁ የሚያሳልፉት ነገር አልነበረም። በመንግሥት ገንዘብ ወደ ውጭ አገር መሽከርከርን ጠሉ፤ የእንደራሴዎች ደመወዝ ሲጨመርም ተቃወሙ። ጄራልድ ፎርድ «በምክር ቤቱ ሦስት ፓርቲዎች አሉ፤ እነርሱም ዴሞክራቶች፥ ሪፐብሊካኖችና ሚስተር ግሮስ ናቸው» ብለው ቀልደዋል ይባላል።

ከስማቸው ጋር የተያያዘ አንድ ረቂቅ ሕግም አለ። በእንግሊዝኛ 12 ደርዘን፥ ማለት 144 ቁጥር፥ «ግሮስ» ተብሎ ይጠራልና፥ የሕጋቸው ረቂቅ 144ኛ ተብሎ እንዲመዘገብ ይደረግ ነበር። ረቂቁ መንግሥት ከጦርነትና ከታላቅ የአገር ችግር ጊዜ በቀር ከገቢው በላይ እንዳያወጣ፥ ዕዳውንም በየጊዜው እንዲቀንስ የሚያዝ ነው። ሕጉ አንድም ጊዜ አልጸደቀም። እርሳቸው ከምክር ቤት ከወጡ ወዲህ የአሜሪካ መንግሥት ወጪ ከገቢው ያነሰው ከ1998 እስከ 2001 ባሉት አራት ዓመታት ብቻ ነው። የሽማግሌው ማስጠንቀቂያ ከንቱ እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ገጽ እንመለስ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 ተገድለው በአርሊንግተን መካነ መቃብር ሲቀበሩ፥ በመቃብራቸው ላይ የማይጠፋ መብራት ተተከለ። ሚስተር ግሮስ ለዚህም መብራት የሚወጣውን ገንዘብ መጠየቃቸው ይነገራል። በለቅሶ ቤት ሒሳብ መጠየቅ በእኛም ዘንድ ቢሆን የሚያስነውር ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን በ1964 ጥቁር ዜጎች በሥራ፥ በትምህርትና በሕዝብ መገልገያ ስፍራ እኩል መብት እንዲያገኙ የወጣውን ሕግ በድምፃቸው መቃወማቸው ነው። ይህ የሰውን ክብር የሚመለከት ነገር ነውና፥ በቁጠባ ስም ሊሸፈን አይችልም። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ከአዮዋ ሰባት ወንበሮች ስድስቱን ዴሞክራቶች ሲወስዱ፥ እርሳቸው ከ500 ባነሰ ድምፅ ብልጫ ብቻ ተረፉ።

ለእኛ ቀርቦ የሚታየን ግን በ1961 የተደረገው ክርክር ነው። የሰላም ጓድ የሚባለው ድርጅት ሲቋቋም አጥብቀው ከተቃወሙት እንደራሴዎች አንዱ ሚስተር ግሮስ ነበሩ፤ ወጣቶች ከውትድርና የሚሸሸጉበት ይሆናል ብለውም ነቀፉት። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1962፥ ከ270 የሚበልጡ የሰላም ጓድ አባሎች ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ አብዛኞቹም በአዲስ አበባና በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎች ሆኑ። ከአንባቢዎቻችን መካከል በእነርሱ የተማሩ፥ ወይም ወላጆቻቸው የተማሩላቸው ጥቂቶች አይደሉም። በምክር ቤቱ መዝገብ ወጪ ተብሎ የተጻፈው ገንዘብ፥ በእኛ አገር ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ አስተማሪ ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ምን እንበል? ሚስተር ግሮስ ስንት ያስወጣል ብለው መጠየቃቸው ትክክል ነበር። ገንዘቡ የእርሳቸው ሳይሆን በፀሐይና በዝናብ ያፈራው የገበሬ ገንዘብ ነበርና፥ ባለ አደራ ሊጠይቀው የሚገባውን ጠየቁ። የጐደላቸው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ገንዘቡ ባይወጣ የሚጐዳው ማን ነው የሚለው ነው። በቤትም ቢሆን እንዲሁ ነው። ሒሳብ የማያውቅ አባወራ ቤቱን ለአበዳሪ አሳልፎ ይሰጣል፤ ከሒሳብ በቀር ሌላ የማያውቅ አባወራ ደግሞ ጎተራው ሙሉ ሆኖ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል።

ሚስተር ግሮስ በ1987 በ88 ዓመታቸው ዐረፉ፤ የቀድሞ ወታደር ነበሩና የተቀበሩት የኬኔዲ መብራት በሚበራበት በዚያው በአርሊንግተን ነው። 26 ዓመት የሕዝብ ገንዘብ በሚከፈልበት አዳራሽ ተቀምጠው እጃቸውን ንጹሕ አድርገው መውጣታቸው ሊመሰገን ይገባል። ልጆቻችን ሹመት ቢደርሳቸው ይህን ንጽሕና ከእርሳቸው ይማሩ፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ግን እኛ ወላጆች ከቤት ልናስተምራቸው ይገባናል።