ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሰዓት ስንገዛ ምን እንይ?

ለመግቢያ ያህል

ሰዓት ሲባል እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች መጀመሪያ ትዝ የሚለን ዴድላይን ነው። የዘገየ ዜና ዜና አይደለም እየተባልን ይኸው ሁለተኛ ዓመት ደርሰናል። ዛሬ ግን ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ዴድላይን ሳይሆን እጅ ላይ ስለሚታሰረው ሰዓት ነው። "በስልክ ዘመን ደሞ የእጅ ሰዓት ምን ይሠራል?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ከሆነ ስልክ ይበቃል። ነገር ግን ስጦታ የተሰጠ ስልክ ከጥቂት ዓመት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚገኘው። ደህና ሰዓት ግን ከሰጪው በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። አንድን ልጅ "ከእንግዲህ ትልቅ ሰው ነህ" ለማለት ብዙ ቤተሰብ ዛሬም ሰዓት የሚያስበው ለዚህ ይመስለኛል።

በኛ ሰፈር ልማዱ እንዲህ ነው፦ ሰዓት የሚገዛው ማትሪክ ላለፈ ልጅ ነው። እኔ ያለፍኩ ጊዜ አባዬ ወርቅማ ቀለም ያለው፣ የሚያብረቀርቅ የሴት ሰዓት ገዛልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እጄን ይዞ አየው። በአራተኛው ወር ቀለሙ መልቀቅ ጀመረና እጄን ያሳክከኝ ገባ። በስድስተኛው ወር ቆመ። ባትሪ አስቀየርኩ፤ አንድ ሳምንት ሠርቶ ደግሞ ቆመ። ለአባዬ ግን አልነገርኩትም። ካምፓስ አወልቀዋለሁ፤ ቤት ስሄድ የቆመውን ሰዓት አስሬ እገባለሁ። እንዲህ እያልኩ ከዓመት በላይ ቆየሁ።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ተፈተነ፤ አላለፈም። መቼም ብቻውን አይደለም። ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ይህንን ቁጥር ግን ለጎረቤት ማን ያስረዳል? ወንድሜ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ብየዳ መማር ጀመረ፤ ቤት ውስጥም ዝምተኛ ሆነ። ጥቅምት ላይ 18 ዓመት ሊሞላው ሲል አባዬ በቡና ሰዓት "ለልጁ ሰዓት ልንገዛለት ነው" አለ። እማዬ "በምን ምክንያት?" ብላ ጠየቀችው። "18 ሞላው፤ ሌላ ምን ምክንያት ያስፈልጋል?" አላት።

በነገራችን ላይ ሕጉም ከአባዬ ጋር ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አካለ መጠን ያላደረሰ የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው ነው። ስለ ማትሪክ የሚለው ነገር የለም።

አባዬ "አብረሽኝ ትሄጃለሽ" ሲለኝ ደነገጥኩ። የኔ ሰዓት ታሪክ በወንድሜ እንዲደገም አልፈለግሁም፤ ያውም በዚህ ወቅት። ስለዚህ መጀመሪያ ብቻዬን አንድ ሰዓት አዳሽ ዘንድ ሄድኩ። ከትንሽ የመስታወት ሳጥን ጀርባ ተቀምጠው፣ አጉሊ መነጽራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። ቀጥሎ የምጽፍላችሁ ከእሳቸው የሰማሁትንና ራሴ አንብቤ ያገናዘብኩትን ነው።

አንደኛ፦ ውስጡ ያለው ማሽን

ብዙዎቻችን ሰዓት ስንገዛ ፊቱን ነው የምናየው። ጋሼ ግን "መጀመሪያ በምን ነው የሚሠራው በይ" አሉኝ። በጥቅሉ ሁለት ዓይነት አለ።

የመጀመሪያው በስፕሪንግ የሚሠራው ነው። የተጠመጠመው ስፕሪንግ ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርሶቹን ያዞራል፤ አንዲት ትንሽ ጎማ መሳይ ክብ ደግሞ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ፍጥነቱን ትቆጣጠራለች። በብዙ ሰዓቶች ይህ ውዝዋዜ በሰዓት 21,600 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 6 ጊዜ ይመታል። አንዳንዱ በእጅ ይሞላል፤ ኦቶማቲክ የሚባለው ደግሞ እጃችንን ስናንቀሳቅስ ራሱን ይሞላል። አባቶቻችን "ሴኮ ፋይቭ" የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ሰዓት ከዚህ ወገን ነው። ባትሪ አይፈልግም፤ በየጥቂት ዓመቱ ተፈትቶ ከታጠበና ዘይት ከተቀባ ዕድሜ ልክ ይሠራል። ጉድለቱ በቀን በሴኮንዶች መቅደሙ ወይም መዘግየቱ ነው። በስዊዘርላንድ ተፈትኖ "ክሮኖሜትር" የሚል ማዕረግ የሚያገኘው ሰዓት እንኳ በቀን በአማካይ 4 ሴኮንድ እንዲዘገይ ወይም 6 ሴኮንድ እንዲቀድም ይፈቀድለታል።

ሁለተኛው ኳርትዝ ነው። በውስጡ ያለች ቅንጣት የኳርትዝ ድንጋይ ከባትሪው ኤሌክትሪክ ስታገኝ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል ልክ 1 ይመጣል። በሴኮንድ አንድ ምት ማለት ነው። የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ሴኮ ቶኪዮ ላይ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ሲሆን፣ ዋጋው 450,000 የን ነበር። ያን ጊዜ መኪና የሚገዛ ገንዘብ ነው! ዛሬ ግን ርካሹ ሰዓት ሁሉ ኳርትዝ ነው፤ በወር ቢሳሳት ብዙውን ጊዜ ከሃያ ሴኮንድ ብዙም አይበልጥም።

ይህንኑ ኩባንያ ካነሳሁ ለኛ ቅርብ የሆነ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ይፋዊ ሰዓት ያዡ ሴኮ ነበር። ሻምበል አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ጨርሶ ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው በዚያ ውድድር ነው።

ሁለተኛ፦ ጀርባውን አንብቡ

የኔን ሰዓት ጉድ ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው። ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ "ስቴንለስ ስቲል ባክ" ይላል። እኔ ሰዓቱ በሙሉ ስቴንለስ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ሳቁና "አንብቢው እንጂ፤ ጀርባው ብቻ ነው የሚለው" አሉኝ። ቀሪው ቀለም የተነከረ ርካሽ ብረት ነው። ቀለሙ በላብ ሲለቅ ሥሩ ያለው ብረት ቆዳን ይነካል። ኒኬል ካለበት ደግሞ ብዙ ሰው ያሳክከዋል። ስለዚህ "ኦል ስቴንለስ ስቲል" ወይም "ስቴንለስ ስቲል" ብቻ የሚል ፈልጉ። ወርቅማ ቀለም ከመሰላችሁ እሱም ይግዛ፤ ግን ቀለም መሆኑን አውቃችሁ ይሁን።

ሦስተኛ፦ ውሃና መስታወት

"30 ሜትር" የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ሰዓት አስራችሁ ወደ ዋና እንዳትገቡ። ቁጥሩ ሰዓቱ አዲስ እያለ በቤተ ሙከራ የቻለው ግፊት ነው እንጂ የመጥለቂያ ፈቃድ አይደለም። በልምድ 30 ሜትር የሚለው እጅ ስንታጠብና ካፊያ ላይ ይችላል። ለዋና 100 ሜትር የሚለው ይሻላል። ውሃ የሚከለክለው ጎሚኒ ደግሞ ከጊዜ ጋር ይደርቃል፤ ባትሪ ስታስቀይሩ "ጎሚኒውንም እይልኝ" ማለት አትርሱ።

መስታወቱ ሦስት ዓይነት ነው። ፕላስቲኩ ቶሎ ይጫራል፤ ግን ሲወለወል ጭረቱ ይጠፋል። ተራው መስታወት መካከለኛ ነው። ሳፋየር የሚባለው በጥንካሬ መለኪያ ከአልማዝ (10) ቀጥሎ 9 ላይ ያለ በመሆኑ በቀላሉ አይጫርም፤ ሆኖም በኃይል ከተመታ ይሰበራል።

አራተኛ፦ ቀን ያለው ወይስ የሌለው?

ይህቺኛዋ የውጭ መጽሔቶች የማይጽፉልን ናት። ሰዓታችንን በኛ አቆጣጠር ስንሞላው 12 የሚመጣው ንጋትና ምሽት ላይ ነው። ቀን የሚያሳይ ሰዓት ደግሞ ቀኑን የሚለውጠው ከሁለቱ 12ዎች በአንዱ ነው። በንጋቱ እንዲለውጥ ተደርጎ ካልተሞላ ገና ምሽት ላይ "ነገ" ይሆናል።

ሌላም አለ። የሰዓቱ ቀን እስከ 31 የሚቆጥር ነው፤ የኛ ወር 30 ነው። በኛ ቀን ከተጠቀማችሁ በየወሩ መጨረሻ 31ን በእጃችሁ ማሳለፍ አለባችሁ፤ ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ ከ5 ወይም ከ6 ተነስታችሁ እስከ 1 ድረስ ማዞር ነው። ማሽኑ ቀኑን ለመቀየር በሚዘጋጅበት ሰዓት፣ ማለትም ቆጣሪው ቀን ከሚቀየርበት 12 በፊትና በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ውስጥ ሳለ በግድ ማዞር በብዙ ሰዓቶች ላይ ጥርስ ይሰብራል። "ቀን የሌለው ሰዓት ጣጣ የለውም" የሚሉት ጋሼ እውነት አላቸው።

አምስተኛ፦ ኦሪጅናል ነው?

ሻጭ ሁሉ "ኦሪጅናል ነው" ይላል። እናንተ ግን በእጃችሁ ያዙት። የታተመው ጽሑፍ ጥርት ያለ ነው? መሙያው ሲጎተት ይወላገዳል? የሴኮንድ ቆጣሪው ሲዘል መስመሮቹ ላይ ያርፋል ወይስ መሐል መሐል? ፊቱ ላይ ያሉት ትንንሽ ክቦች ይሠራሉ ወይስ ለጌጥ የተሳሉ ናቸው? ሥዕል ከሆኑ የቀረውም እንዲያው ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። "ስዊስ ሜድ" የሚለውንም ቢሆን በቀላሉ አትመኑ፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በስዊዘርላንድ ሕግ ይህን ስም ለመያዝ ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆነው የማምረቻ ወጪ እዚያው አገር መውጣት አለበት። ባልቴቷ ዳቦ በምትገዛበት ዋጋ ይህ አይገኝም።

ስድስተኛ፦ ለማን ነው?

ይህን ሁሉ ይዤ፣ አባዬን አስከትዬ እንደገና ጋሼ ዘንድ ሄድን። አባዬ ትልቅና የሚያብረቀርቅ ነው የሚፈልገው። እኔ ደግሞ ካነበብኩት በኋላ ልቤ ኦቶማቲክ ላይ ነው። ጋሼ የሁለታችንንም ሰምተው "ልጁ ምንድን ነው የሚሠራው?" አሉ። አባዬ ትንሽ ዝም ብሎ "ብየዳ ይማራል" አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ጋሼ ግን ፊታቸው በራ፤ "ጥሩ እጅ ሥራ ነው! እንግዲያው ኦቶማቲኩን ተዉት" አሉ።

ምክንያቱን አስረዱን። የብየዳ ማሽን ኃይለኛ ማግኔት ይፈጥራል። በስፕሪንግ የሚሠራ ሰዓት ማግኔት ከያዘው ቀጭኗ ስፕሪንግ እርስ በርሷ ትጣበቅና ሰዓቱ በቀን በብዙ ደቂቃ መቅደም ይጀምራል፤ ማግኔቱ በመሣሪያ እስኪወጣለትም አይስተካከልም። ባለ ቆጣሪ ኳርትዝ ሰዓት ግን ማግኔት አጠገብ ቢቆም እንኳ ሲርቅ ብዙ ጊዜ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሰዓቱን መሙላት ብቻ ነው። ደግሞም በየዳ ላይ ሰዓት አይታሰርም፤ ብረቱ ኤሌክትሪክና ሙቀት ይስባል፣ የሚፈናጠረው ፍም መስታወቱን ይበሳል። ስለዚህ ቶሎ የሚወልቅ ማሰሪያ ያለው ይሁን፤ ሲሠራም ከማሽኑ ራቅ አድርጎ ያስቀምጠው። በመጨረሻ የተስማማነው በስቴንለስ ስቲል፣ በኳርትዝ፣ ነጭ ፊት ባለውና ቀን በሌለው፣ 100 ሜትር በሚል የጃፓን ሰዓት ላይ ነው። አያብረቀርቅም። አባዬ ከእቁቡ የያዘው ብርም በቅቶታል።

ከፍለን ልንነሳ ስንል አባዬ ወደኔ ዞሮ "ያንቺንም ስጪውና ይየው" አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጋሼ ሲከፍቱት ባትሪው አፍስሶ ማሽኑን አረንጓዴ አድርጎታል። "ባትሪ ከሞተ ወዲያው ይወጣል የኔ ልጅ፤ ከቆየ ያፈስሳል። ሲቆም ብታመጪው ማሽኑን እቀይርልሽ ነበር" አሉኝ። መንገድ ላይ አባዬን "እንዳይከፋህ ብዬ ነው" አልኩት። "ስንት ሰዓት ነው ስልሽ ሰዓቱ እጅሽ ላይ እያለ ስልክ ታያለሽ፤ አላወቅሁም መሰለሽ?" አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

ለማጠቃለል

ወንድሜ ሰዓቱን የተቀበለው በልደቱ ቀን፣ ቡና ላይ፣ ጎረቤቶች ባሉበት ነው። አንዷ ጎረቤታችን "ውይ፣ አለፈ እንዴ?" አሉ። አባዬ "አዎ፤ 17ን አለፈ" አላቸው። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሮ "ከዛሬ ጀምሮ ስንት ሰዓት ነው ብዬ የምጠይቀው አንተን ነው" አለው። ወንድሜ ብዙ አልተናገረም። ማታ ግን ሲሞላው አየሁት፤ ከሬድዮው ዜና ሰዓት ጋር እያስተያየ፣ ሴኮንዷን እየጠበቀ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ስጦታ ልትገዙ ከሆነ ማሽኑን ጠይቁ፣ ጀርባውን አንብቡ፣ በተለይ ግን የሚያስረው ሰው የት እንደሚውል አስቡ። ስጦታ ተቀባዮች ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ፦ ሰዓታችሁ ከቆመ ለሰጣችሁ ሰው በጊዜ ንገሩት። ባትሪው ሳያፈስ።