የዲጂታል መልቲሜትር ንባብና የስህተቱ ወሰን

ዲጂታል መልቲሜትር ቮልቴጅን፣ ከረንትንና ሬዚስታንስን የሚለካ መሣሪያ ነው። የለካውን በመርፌ ሳይሆን በአሃዝ ስለሚያሳይ፣ ብዙ ሰው በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ቁጥር ያለ ጥርጥር ይቀበለዋል። ነገር ግን ከስህተት ፈጽሞ የጸዳ ልኬት የለም። ስለሆነም አንድ ንባብ ሲቀርብላችሁ «ይህ ቁጥር ከእውነቱ ምን ያህል ሊርቅ ይችላል?» ብላችሁ መጠየቅ ይገባችኋል።

መልሱ የሚገኘው ከመሣሪያው ጋር በሚሰጠው መመሪያ ውስጥ ነው። ለምሳሌ መመሪያው «± (የንባቡ 0.5% + 2 አሃዝ)» ቢል፣ ስህተቱ ሁለት ክፍሎች አሉት ማለት ነው። የመጀመሪያው ከንባቡ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ይቀንሳልም። ሁለተኛው ግን በመጨረሻው አሃዝ ዋጋ የሚሰላ ስለሆነ፣ የሚወሰነው በመምረጫው ቁልፍ በተመረጠው የልኬት ጣሪያ ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚያስከትል ተመልከቱ። አንድ የ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ፣ ሙሉ ከሆነ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ግማሽ ከሆነ ደግሞ 12.2 ቮልት ገደማ ይኖረዋል። እስከ 1999 በሚቆጥር መልቲሜትር፣ ጣሪያውን 200 ቮልት ላይ አድርጋችሁ ስትለኩ 12.4 አነበባችሁ እንበል። የንባቡ 0.5% 0.062 ቮልት ነው። በዚህ ጣሪያ የመጨረሻው አሃዝ ዋጋ 0.1 ቮልት ስለሆነ፣ 2 አሃዝ 0.2 ቮልት ይሆናል። የሁለቱ ድምር 0.262 ቮልት ነው። እንግዲህ እውነተኛው ቮልቴጅ ከ12.14 እስከ 12.66 ባለው ወሰን ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ባትሪው ሙሉ ይሁን ግማሽ ከዚህ ንባብ አይታወቅም።

አሁን ጣሪያውን ወደ 20 ቮልት አውርዱት። ንባቡ 12.40 ቢሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል እንደ ቀድሞው 0.062 ቮልት ነው፤ የመጨረሻው አሃዝ ዋጋ ግን 0.01 ቮልት ስለሆነ፣ 2 አሃዝ 0.02 ቮልት ብቻ ይሆናል። ድምሩም 0.082 ቮልት ነው። ስለዚህ እውነተኛው ቮልቴጅ ከ12.32 እስከ 12.48 ባለው መካከል ይገኛል። ባትሪው ሙሉ አይደለም፤ ግማሽ ድረስም አልወረደም። ሳይሞላ ለብዙ ጊዜ የሚቆይ ባትሪ እየተጎዳ ስለሚሄድ፣ ቻርጅ መደረግ እንዳለበት በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል።

ከዚህ የምንረዳው መሣሪያውም ባትሪውም ሳይለወጡ፣ የጣሪያው ምርጫ ብቻ ፍርዱን እንደሚለውጠው ነው። ስለዚህ የምትለኩት ቮልቴጅ መጠኑ የማይታወቅ ከሆነ ከከፍተኛው ጣሪያ ጀምሩ፤ ከዚያም ንባቡን ሊይዝ እስከሚችለው ዝቅተኛ ጣሪያ ድረስ ውረዱ። ውጤቱን በምትጽፉበት ጊዜም «12.40 ቮልት» ብላችሁ አትተዉት፤ «12.40 ± 0.08 ቮልት» ብላችሁ ከነወሰኑ አስፍሩት።